ሚካኤል ዕለት የሠራው ኮምፒውተር

ባንተአምላክን ሞቶ ያገኙት ተማሪዎቹ ናቸው፤ በ2006 ዓ.ም.፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት። ዳንግላ ላይ አስፋልቱ ዳር ባለችው የኮምፒውተር ማሠልጠኛው በር ተሰብስበው ቢያንኳኩ የሚከፍት አጡ። በሩ ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፏል። መምህራቸው ደግሞ በሥራ ቀን የሚያረፍድ ሰው አልነበረም። ጎረቤቱ የጨርቅ ነጋዴ ሳሊሕ ትርፍ ቁልፍ እንደሚይዝለት ስለሚያውቁ እሱን ጠሩት። ሳሊሕ ከፍቶ ገባ፣ ወደ ጓዳው ዘለቀ፣ ተመልሶም ደፉ ላይ ተቀመጠና ማንም እንዳይገባ በእጁ ከለከለ።

ባንተአምላክ ጓዳው ውስጥ ባለች አልጋው ላይ በጀርባው ተጋድሟል። ፊቱ ቀላ ብሏል፣ ዓይኖቹ ተከድነዋል፣ እጆቹ በጎንና በጎኑ ተዘርግተዋል። ደም የለም፣ ቁስል የለም፣ የተሰበረ ዕቃ የለም። አጠገቡ ያለው የሥራ ኮምፒውተሩ እናቱ የሠሩለትን ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል።

ኢንስፔክተር አድማሴ ሲደርስ ከተማዋ ገና የትናንቱን ጭስ አልለቀቀችም ነበር። ኅዳር ሲታጠን እንደ ወጉ በየደጁ ቆሻሻ ሲቃጠል ስለዋለ የሰው ልብስ ሳይቀር ጭስ ጭስ ይላል። ጓዳውም ውስጥ ያው ሽታ አለ፤ ማንም ልብ አላለውም።

አድማሴ ሟቹን ያውቀዋል፤ ይወደውም ነበር። የጣቢያው ኮምፒውተር እንደ ደከመች በቅሎ እየተጎተተ አላሠራ ባለው ጊዜ ያዳነለት እሱ ነው። ያን ጊዜ ባንተአምላክ እየሳቀ፣ “ኢንስፔክተር፣ ሌባ የገባበት ቤት ሲጠሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ማን ውስጥ እንደነበረ አይደል? ይኼም እንደዚያው ነው” ብሎ አንዲት ፕሮግራም ጫነለት። ከኢንተርኔት በነፃ የምትወርድ ናት። በኮምፒውተሩ ውስጥ የትኛው ፕሮግራም እየሠራ እንደሆነ፣ መቼ እንደተነሣ፣ ምን ያህል ጉልበት እንደሚበላ፣ መቼ እንዳቆመ አንድ በአንድ ታሳያለች፤ ካዘዟትም መዝግባ ታስቀምጣለች። ባንተአምላክ እሱ ዘንድ ለሠለጠነ ሁሉ፣ ፍላሽ ይዞ ለመጣው ሁሉ ያቺን ፕሮግራም ሳይሰጥ አይሸኝም ነበር። ዳንግላ ውስጥ እሷ የሌለችበት ኮምፒውተር ማግኘት ይቸግራል።

አድማሴ የሟቹን ፊት ለአፍታ አየ። ከዚያ ሥራውን ጀመረ።

የጓዳው የኋላ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። ከበሩ ማዶ ባለችው ዳስ ውስጥ ትንሿ ጀኔሬተር ታጥባ ተቀምጣለች። ከአልጋው ሥር አንድ ቁራጭ አዲስ አቡጀዴ ተገኘ። የሟቹ የራሱ ቁልፍ ግን ኪሱ ውስጥም፣ ቤቱ ውስጥም የለም።

ሐኪሙ መርምሮ ታፍኖ ነው የሞተው አለ፤ በምን እንደታፈነ ለማወቅ ደሙ ባሕር ዳር ተልኮ መልስ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበት። አንድ ያልገባው ነገር ደግሞ ነበር። የሟቹ ግራ ጉንጭ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘን ምልክቶች በረድፍ ወጥተዋል። አድማሴ ጎንበስ ብሎ አያቸው፤ ለእሱም አልገቡትም።

ከተማው ግን ሐኪም አልጠበቀም። በሩ ከውጭ የተቆለፈ፣ ቁልፉ በሳሊሕ እጅ ያለ፣ አቡጀዴው ከሳሊሕ ሱቅ የተቆረጠ። ከዚህም በላይ ከሚካኤል በፊት በነበረው ገበያ ሳሊሕና ባንተአምላክ ሰው ፊት ተጣልተዋል። የጀኔሬተሩ ጭስ ጨርቁን ስላጠቆረበት ሳሊሕ፣ “ወይ አንተ ወይ እኔ ከዚህ እንለቃለን” ሲል ያልሰማ የለም። የጣቢያው አዛዥ እሱን አሳሰረው። አድማሴም የሚቃወምበት ነገር አልነበረውም።

ሳሊሕ ሲጠየቅ አጭር አጭር መለሰ። አቡጀዴውን የሰጠሁት እኔ ነኝ አለ፤ ለምን እንደፈለገው አልጠየቅኩትም አለ። ጠባችንም በማግሥቱ በሻይ አልቋል፤ ሳይጣላ የሚኖር ጎረቤት የት አለ አለ።

“ሚካኤል ዕለት አይተኸው ነበር?”

“አላየሁትም። የእሱ ሱቅ ተዘግቶ ነው የዋለው።”

“ድምፅስ አልሰማህም?”

ሳሊሕ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። “አልሰማሁም” አለ።

የሟቹ እናት እማማ ስሜነሽ ደግሞ ዕድር በተከለው ድንኳን ውስጥ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው፣ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋቸው ተቀምጠዋል። ባንተአምላክ አንድ ልጃቸው ነው። አባቱ የሞተው እሱ ጡት ሳይጥል ነው፤ ከገጠር ይዘውት ወጥተው፣ የሰው ቤት ልብስ አጥበው ነው ያስተማሩት። አድማሴን ያስገረመው እናትዮዋ አለመጮኻቸው ነበር። እንባቸው ዝም ብሎ ይወርዳል፤ ድምፅ የለውም። አልቃሽዋ ሙሾ ስታወርድ ሌላው ሲንሰቀሰቅ እሳቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ይሰማሉ። ሐዘኑ አደንዝዟቸው ነው ተባለ።

ለጥያቄውም መልስ ሰጡት። ልጃቸው ሚካኤል ዕለት አብሯቸው ሲያስቀድስ እንዳረፈደ፣ ቤት ገብቶ ጠበል ጠዲቅ እንደቀመሰ፣ ሲመሻሽ ለመተኛት ወደ ሱቁ እንደሄደ ነገሩት። በድንኳኑ ከተቀመጡት ውስጥም ሁለት ሦስት ሰዎች አዎ፣ ቤተ ክርስቲያን አይተነዋል አሉ። በኅዳር ሚካኤል ሕዝብ መካከል ነጭ የለበሰ ጎልማሳ ያላየ ማን አለ?

*

ዋሂዳ፣ የሳሊሕ ሚስት፣ በየጠዋቱ ጣቢያው በር ላይ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ትቆማለች። አትለምንም፣ አታለቅስም። አንድ ቀን ግን አድማሴን አስቁማ በሱቃቸው በር ላይ ድንጋይ እንደተወረወረ ነገረችው። ልጆቿን ወደ እናቷ ቤት ወስዳለች።

“ባንተአምላክ ልጆቼን ኮምፒውተር ያስተማረ ሰው ነው” አለችው። “ባሌ እሱን ገደለ ከሚሉኝ እኔን ገደለ ቢሉኝ ይቀለኛል።”

አድማሴ ቢሮው ገብቶ ተቀመጠና የራሱን ኮምፒውተር አየ። ማን ውስጥ እንደነበረ መጠየቅ፤ ሟቹ ራሱ ያስተማረው ይህንን አልነበረም እንዴ? ተነሥቶ የታሸገውን ሱቅ ከፈተ፣ የሟቹን ኮምፒውተር ከነጥልፍ ጨርቁ አቅፎ እንጅባራ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረ። መንገዱን ሙሉ እንደ ሕፃን ጉልበቱ ላይ ይዞት ሄደ።

እንጅባራ እንደ ልማዷ በብርድ ተቀበለችው። የዞኑ ፖሊስ የኮምፒውተር ባለሙያ ዮዲት ጋቢ ደርባ ነው የምትሠራው። ነገሩን ከሰማች በኋላ ማሽኑን አስነሣችው፤ ገና ሲነሣ ባለፈው በሥርዓቱ አልተዘጋሁም የሚል መልእክት አወጣ። ዮዲት ጥልፉን አነሣችና አገላበጠችው።

“ይኼን ማን አለበሰው?”

“ስናገኘው ለብሶ ነበር።”

“ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ሳይዘጋው አያለብሰውም። መብራቱ በድንገት ነው የተቋረጠበት። ያለበሰው ሌላ ሰው ነው።”

የነፃዋን ፕሮግራም መዝገብ ከፈተችና ወንበሯን አስጠጋችለት። ረድፎቹ ብዙ ናቸው፤ እሷ ግን በጣቷ እየጠቆመች አስነበበችው። መጀመሪያ ያስደነገጣት አንድ እንግዳ ፕሮግራም ነበር። ስሙን ለውጦ፣ ከደህናዎቹ መካከል ተሸሽጎ፣ በዚያ ኮምፒውተር የሚጻፈውን ሁሉ ይቀዳል። ሰላይ ነው፤ በሰው እጅ፣ በፍላሽ የገባ።

“ሁለተኛው ነገር ደግሞ” አለች፣ “ይህ ማሽን ኅዳር አሥራ ሁለት ሠርቷል።”

“ሚካኤል ዕለት?”

“ጠዋት ተነሣ፤ የምስክር ወረቀት ሲያዘጋጅበት ነበር። ቀትር ላይ በድንገት ቆመ፤ ወዲያው ደግሞ ተነሣና ያንኑ ሥራ ቀጠለ። ከዚያ ከአንድ ቦታ በኋላ ፕሮግራሞቹ ክፍት ናቸው እንጂ የሰው እጅ አልነካቸውም። ዝም ብለው ሲጠብቁ ቆይተው ሁሉም አንድ ላይ ጠፉ።”

አድማሴ ረድፎቹን ደግሞ አየ። ሚካኤል ቀትር ላይ ዳንግላ መብራት ጠፍቶ እስከ ማግሥቱ እንዳልመጣ የገዛ ቤቱ ምስክር ነው። መብራት በሌለበት ከተማ ይህ ኮምፒውተር የሠራው በጀኔሬተር ካልሆነ በምን ሊሆን ይችላል? እያሰበ ሳለ ዓይኑ የዮዲት ኪቦርድ ላይ አረፈ። ትንንሽ አራት ማዕዘኖች፣ በረድፍ። እጁን ሰድዶ በጣቱ ዳሰሳቸው።

ባንተአምላክ የሞተው አልጋው ላይ አልነበረም።

*

ሰላዩን ፕሮግራም ያስገባው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልደከመም። ወገኔ የሚባል፣ ቀድሞ ከባንተአምላክ ጋር በሽርክና ይሠራ የነበረ፣ ኋላ ተጣልቶ ከመናኸሪያው ማዶ የራሱን ማሠልጠኛ የከፈተ ሰው ነበር። አድማሴ ሄዶ ያችኑ ነፃ ፕሮግራም በወገኔ ኮምፒውተር ላይ ከፈታት፤ ያው እንግዳ ስም እዚያም እየሠራ ነበር። ወገኔ ፊቱ አመድ መሰለ።

አልካደም። ባንተአምላክ ያዘጋጀውን የማስተማሪያ ጽሑፍ ለመስረቅ፣ ከበዓሉ በፊት ሰላም ልልህ መጣሁ ብሎ ፍላሹን እንደሰካ ተናገረ። ሚካኤል ዕለት የት እንደዋለ ሲጠየቅ ግን ቀና አለ፤ ጥሊሊ አማቶቹ ቤት ዝክር ነበረባቸው፣ ከዋዜማው ጀምሮ እዚያ ነው ያለው። አድማሴ ጥሊሊ ድረስ ሄዶ አጣራ፤ የአማቶቹ ጎረቤት ሁሉ ወገኔን ጠላ ሲቀዳ አይቶታል። ሌባ ነው፤ ነፍሰ ገዳይ ግን አይደለም።

“በበዓል ይሠራ ነበር?” ብሎ ጠየቀው ሲለቀው።

“ባንቴ? ምን በወጣው። አብረን ሳለን በበዓል እንክፈት ብዬ ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ፤ እናቴ ትሞትብኛለች ይለኝ ነበር።”

አድማሴ ወደ ጣቢያው ተመልሶ ሳሊሕን አስጠራው። ሳሊሕ ጢሙ አድጓል፣ ጉንጩ ጎድሏል። አድማሴ ሚካኤል ዕለት ከሳሊሕ ግድግዳ ማዶ ጀኔሬተር ሲያጓራ እንደዋለ ማወቁን ነገረው። አልሰማሁም ማለቱ ውሸት እንደሆነ፣ ይህም ውሸት ገመዱን በገዛ አንገቱ እንደሚያስገባው ሳይደብቅ ነገረው።

“ሰምተሃል። ለምን አልሰማሁም አልክ?”

ሳሊሕ ጢሙን በመዳፉ ዳሰሰ። “ኢንስፔክተር” አለ በመጨረሻ፣ “የሞተ ሰው ለሐሜት መልስ አይሰጥም። እሱ ሊመልስ በማይችልበት ነገር እኔ አፌን አልከፍትም።”

“ልጆች አሉህ።”

“አሉኝ። እነሱም አባታችን አደራ በላ እንዲባሉ አልፈልግም።”

አድማሴ ከክፍሉ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ቆመ። ማጨስ ከተወ የቆየ ቢሆንም ሲጋራ ተመኘ። ሳሊሕ ሱቁ ተዘግቶ ዋለ አለ። እማማ ስሜነሽም ልጄ ከእኔ ጋር ዋለ አሉ። እነዚህ ሁለት ሰዎች አልተገናኙም፤ አንደኛው እስር ቤት ነው፣ ሌላዋ ድንኳን ውስጥ። ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ አንድ ውሸት ከዋሹ ውሸቱ የእነሱ አይደለም፤ የሟቹ ነው። ባንተአምላክ በሕይወት ሳለ ሁለቱንም ያስያዛቸው ምስጢር ነው።

አቡጀዴውን ከማስረጃ ሣጥን አውጥቶ ዘረጋው። ጠርዝ ለጠርዝ ጥቁር የጭስ መስመር አለበት፤ ሱቁ ሄዶ የጓዳው መስኮት ስንጥቅ ላይ ቢያስጠጋው ልክክ አለ። ኅዳር ሲታጠን የውጭው ጭስ እንዳይገባ መስኮቱን የደፈነው ራሱ ባንተአምላክ ነው። ሰው እንዳይሰማው ደግሞ ጀኔሬተሩን ከዳሱ አንሥቶ ቤት ውስጥ አስገብቷል። የውጭውን ጭስ ሲሸሽ የውስጡ ቀደመው። አድማሴ ለሐኪሙ ስልክ ደውሎ የጀኔሬተር ጭስ ሰው ያፍን እንደሆነ ጠየቀ። የባሕር ዳሩ መልስ ገና ያልደረሰው ሐኪም፣ “እንቅልፍ አስመስሎ ይገድላል” አለው፤ የሟቹ ፊት መቅላቱም አሁን እንደገባው ጨመረለት።

ታዲያ ከኪቦርዱ ላይ አንሥቶ አልጋ ላይ ያጋደመው፣ ዓይኑን የከደነለት፣ ጀኔሬተሩን አውጥቶ ያጠበ፣ ኮምፒውተሩን ያለበሰ፣ ቆልፎም የሄደ ማን ነው? አድማሴ መልሱን ያወቀው ወዲያው ነው፤ ባላወቅኩት ብሎም ተመኘ።

*

ድንኳኑ ሳስቷል። እማማ ስሜነሽ ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ ብቻቸውን ነበሩ። አድማሴ ኮፍያውን አውልቆ ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። ላፋጥጣቸው ብሎ የመጣው ሁሉ ጠፋበት።

“እማማ” አለ፣ “ባንተአምላክ ሚካኤል ዕለት ሥራ ላይ እንደነበር አውቄያለሁ።”

አላስተባበሉም። እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ፣ ከማተባቸው ጋር የታሰረ ቁልፍ አወጡና መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አዩት።

“ማን ነገረህ፣ ልጄ? ሳሊሕ ነው?”

“ሳሊሕ አልተናገረም። ኮምፒውተሩ ነው። የሚሠራበትን ሰዓት ሁሉ ይዞ ነበር።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ አንዳንዴም ወደ ልጅነታቸው አገውኛ እየገቡ፣ ነገሩት። ልጃቸው ሥራ ሲደራረብበት በበዓል ይሠራል። ሰው ካየው ያማዋል፤ ተማሪም ይሸሸዋል። ስለዚህ በየበዓሉ ጠዋት፣ “እማ፣ ቆልፈሽብኝ ሂጂ” ይላቸዋል። እሳቸውም ከውጭ ቆልፈው፣ ቁልፉን ማተባቸው ላይ አስረው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ስለ እሱም ስለ ራሳቸውም ይቅርታ ይለምናሉ። ሲመለሱ ከፍተው ጠበልና ዳቦ ይሰጡታል። የሚያውቀው ግድግዳ የሚጋራው ሳሊሕ ብቻ ነበር።

“የዚያን ዕለት ዝክሩ ቤት ቆየሁ። ስመጣ ሞተሩ ነዳጁን ጨርሶ ዝም ብሏል። ቤቱ ጭስ ጭስ ይላል፤ የኅዳር ነው ብዬ በሩን ብርግድ አደረግኩት። መጻፊያው ላይ ራሱን ደፍቷል። ተኝቶ መስሎኝ ዳቦውን አጠገቡ አስቀመጥኩለት።”

አድማሴ አንገቱን ደፋ።

“ከዚያ ነካሁት” አሉ። “ልጮኽ አፌን ከፈትኩ። ብጮኽ አገር ይመጣል፤ አገር መጥቶ በኅዳር ሚካኤል ሥራው ላይ ሞቶ ያየዋል። ሚካኤል ቀሰፈው ይላሉ። ልጄ ሞቶም እስከ ልጅ ልጅ የሚካኤል ቅሳፊ ሲባል ሊኖር ነው። አፌን ዘጋሁ።”

“ብቻዎን እንዴት አነሡት?”

“አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው” አሉ፤ ሌላ መልስ የሚያሻው ነገር አልመሰላቸውም።

አልጋው ላይ አሳርፈው ዓይኑን ከደኑለት። ጀኔሬተሩን ጎትተው አውጥተው አጠቡት፣ ጨርቁን ከመስኮቱ ነቅለው አየሩ እስኪጠራ ቆዩ፣ ሁልጊዜ ማታ ማታ እሱ እንደሚያደርገው ኮምፒውተሩን አለበሱለት። ዳቦውን መልሰው ነጠላቸው ውስጥ ያዙ። ከዚያ ቆልፈው፣ መንገድ ላይ እንኳን አደረሳችሁ የሚላቸውን ሁሉ እንኳን አብሮ አደረሰን እያሉ ወደ ቤታቸው ገቡ። በማግሥቱ መርዶው እስኪመጣ ልቅሷቸውን አሳደሩት። ሲመጣ ደግሞ ልቅሶው እምቢ አላቸው፤ አንድ ጊዜ ታፍኖ ያደረ ጩኸት መውጫው ጠፍቶበት።

“ሳሊሕ ታስሯል፣ እማማ።”

“አውቃለሁ። ዋሂዳን በመንገድ ሳያት እሸሻለሁ።” ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። “ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ የሞተውን ልጄን ስሸፍን የቆመውን አስበላሁት። ለእኔም የሚገባኝ ነው፤ በመልአኩ ቀን ቆልፌ ያሠራሁት እኔ ነኝ። ሚካኤል የቀሰፈው በእኔ ነው።”

“ሚካኤል አይደለም የገደለው” አለ አድማሴ፣ “የሞተሩ ጭስ ነው።” ሐኪሙ ያለውን በሚገባቸው ቋንቋ አስረዳቸው። እንዲጽናኑ ብሎ ነበር። እናትዮዋ ግን ጭሱን እያሰቡ፣ መስኮቱን እያሰቡ፣ በመጨረሻ ዓይናቸው መዳፋቸው ላይ ያለው ቁልፍ ላይ አረፈ። ምን እንደሚጠይቁት አስቀድሞ ገባው።

“ባልቆልፍበት ኖሮ ይወጣ ነበር?”

አድማሴ በሥራ ዘመኑ ብዙ ከባድ ነገር ጠይቋል፤ እንዲህ ያለ ግን ተጠይቆ አያውቅም።

“አልተነሣም፣ እማማ። ሥራው ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። ከውስጥ የሚከፈተውን የኋላ በር እንኳ አልነካም፣ የፊቱ በር መቆለፉንም አላስታወሰም። ኮምፒውተሩ ይኼንንም ይዞታል፤ ከአንድ ጊዜ በኋላ እጁ ምንም አልነካም።”

“ኮምፒውተር ይዋሻል?”

“አይዋሽም።”

የተናገረው እውነት ነው። የፊቱ በር ክፍት ቢሆን ኖሮ ግን ነፋስ በገባ፣ ባይሆን እንኳን አንድ ሰው ሰላም ልበለው ብሎ ብቅ ባለ ነበር። ይህን የቀረውን ግማሽ ዋጥ አደረገው። ምናልባት እሳቸውም ያውቁት ነበር፤ አልጠየቁትም።

እማማ ስሜነሽ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። አድማሴ ቃላቸውን እዚሁ እንዲቀበላቸው፣ ለሰው ሳይሰማ እንዲጨርሱት አሳብ አቀረበላቸው፤ ዐቃቤ ሕግም የእናት ነገር አይጠፋውም አላቸው። እንቢ አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ድንኳኑ ወጡ። የቀሩት ለቀስተኞች ከነፍስ አባታቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆመው፣ ልጄ የሞተው ሚካኤል ዕለት ሥራ ላይ ሳለ ነው፣ የቆለፍኩበትም ሬሳውን የደበቅኩትም እኔ ነኝ፣ ሳሊሕ እጁ የለበትም አሉ።

 ቄሱ መስቀላቸውን እያገላበጡ ቆዩና፣ ሚካኤል የምሕረት መልአክ ነው ብለው ሊናገሩ ጀመሩ። ከወደ ጥግ ግን አንዲት ሴት፣ “ቀሰፈው በሉኛ” ስትል ተሰማች። እማማ ስሜነሽም ሰሙ። ሲሸሹት የኖሩት ቃል ይኸው ተባለ። ዞረው አላዩም፤ እርምጃቸውን ወደ ጣቢያው መንገድ ቀጠሉ። አድማሴ ከኋላቸው ተከተለ።

*

ቃላቸውን ሰጥተው፣ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው ሲወጡ፣ የሳሊሕ መፈቻ ወረቀትም ተፈርሞ ነበር። ዋሂዳ እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆማለች። እናትዮዋ ከእሷ ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ።  ዋሂዳ የሆነውን ሁሉ በመንገድ ሰምታለች፤ ፊቷ ላይ ቁጣም፣ ሐዘንም፣ ሁለቱም ነበሩ።

ሳሊሕ ወጣ። ፀሐዩ ዓይኑን ወጋው መሰል እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ሚስቱን አየ፣ ከዚያ እማማ ስሜነሽን አየ። ምን እንደተነገረ፣ ማን እንዳስፈታው የነገረው ሰው አልነበረም። ከሚስቱ በፊት ወደ እሳቸው ሄደ። አድማሴ ሊገባ ቃጣ፤ ግን ቆመ።

“እማማ” አለ ሳሊሕ፣ እንደ ጥፋተኛ ዝቅ ብሎ፣ “ደብድበው ቃሉን እንዳያስወጡኝ እፈራ ነበር። ግን አልተናገርኩም። ባንቴ በበዓል ይሠራል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።”

እማማ ስሜነሽ እግሩ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ። ሳሊሕ ክንዳቸውን ይዞ ከለከላቸው፣ ደገፋቸውም። ያን ጊዜ ነው ጩኸቱ የወጣው። ከሚካኤል ጀምሮ ታፍኖ የቆየው፣ ልጃቸውን በስሙ የጠሩበት ጩኸት። ጣቢያው በር ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ቆሞ ቀረ፤ አንድ የሚያልፍ ባጃጅም ሞተሩን አጠፋ። ዋሂዳ ምሳ ዕቃዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ መጥታም በሌላኛው ጎን ያዘቻቸው።